የተበላ ሻሲ ይበየዳል ወይስ ይለወጣል?

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ቆቃ አልፎ መቂ ሳይደረስ፣ የቦራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ዓለም ጤና ትገኛለች። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች በከተማዋ መሀል ወደ ሞጆ ያልፋሉ፤ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና ነዳጅ የጫኑት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳሉ። አዲሱ የሞጆ ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ ከፊሉን መኪና ቢወስድም፣ ከእርሻ ማሳ የሚወጣው ፒክአፕና ባለ አነስተኛ ጭነቱ አሁንም በአሮጌው መንገድ ይመላለሳል። የሚሰበረውም የሚጠገነውም እዚሁ መንገድ ዳር ነው።

በዚህ መስመር ባሉ ጋራዦች የሚደጋገም አንድ ትዕይንት አለ። አሮጌ ሃይሉክስ የኋላ ጎማው ወልቆ፣ በክሪክ ተነሥቶ በመደገፊያ ብረት ላይ ተቀምጧል። ባትላሜራው ካርቶን አንጥፎ፣ በጀርባው ተንጋሎ ከሥሩ ገብቷል፤ በአንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው ትንሽ መዶሻ ይዟል። ከፊት ጀምሮ ሻሲውን በየስንዝሩ ይመታል። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ብረቱ ጤነኛ ነው። ወደ ኋላ ሄዶ ባሌስትራው ከሻሲው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ሲደርስ ግን ድምፁ ይደፈናል። ደግሞ ሲመታው ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር እየተላቀቀ ደረቱ ላይ ይረግፋል። ካቻቢቴ ሲያሳርፍበት ብረቱን በስቶ ይገባል።

«ስንት ይፈጃል?» ይላል ከላይ የቆመው ባለመኪና።

«መጀመሪያ ይጽዳ ጋሼ፤ ሳይከፈት ዋጋ አይነገርም» የሚል መልስ ከሥር ይመጣል።

ብዙ ባለመኪና ይህን መልስ አይወደውም፤ ዋጋ ለመቆለል የተዘየደ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህን የሚለው ሠራተኛ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ከሥሩ የተበላ መኪና ላይ ውሳኔ የሚሰጠው በቀዳዳው ስፋት ወይም በብየዳው ዋጋ አይደለም። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ምን ተሸክሟል? ከዙሪያው የቀረው ብረትስ ብየዳ ይችላል? ሁለቱም የሚታወቁት ጭቃው፣ ቅባቱና የድሮው ጥቁር ቀለም ተፍቆ እርቃኑን ብረት ሲታይ ብቻ ነው።

በደረቅ ሸለቆ ዝገት ከየት መጣ?

ስምጥ ሸለቆ ደረቅ አገር ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በሚመታው አካባቢ ብረት ሊበሰብስ አይገባውም ነበር። ብረት ለመዛግ ውኃና ኦክስጅን ይፈልጋል፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ በታች ከሆነ ንጹሕ ብረት የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። ይህን ስሌት የሚያፈርሰው ጨው ነው።

ጨው ውኃን ከአየር ይስባል። ተራው የገበታ ጨው አየሩ 75 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ ራሱ ይቀልጣል። በባሕርና በጨዋማ ሐይቅ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን ከዚያም ከግማሽ ባነሰ፣ በ33 በመቶ ገደማ እርጥበት ይረጥባል። ጨው የነካው ሻሲ ሰው ደረቅ ነው በሚለው ቀን እንኳ በስስ የጨው ውኃ ተለብጦ ይውላል ማለት ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝማ ይብሳል። ክሎራይዱ ደግሞ ብረቱን ሊጠብቅ የሚችለውን ስስ ሽፋን እየሰረሰረ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል።

ጨው ወደ ዓለም ጤናና ወደ አዳማ የሚደርስባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። አንዱ የጅቡቲ መስመር ነው። ወደ ወደቡ የሚመላለስ ከባድ መኪና በባሕር አየር ውስጥ ወረፋ ሲጠብቅ ያድራል። ሌላው አፍዴራ ነው። ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር ከተዋጋችበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአሰብና የምጽዋ ጨው ሲቋረጥ፣ የአገሪቱ ጨው በአብዛኛው የሚመጣው ከባሕር ጠለል በታች ካለው ከዚህ የአፋር ሐይቅ ሆኗል። ጨው የሚያመላልስ መኪና የጭነት አልጋው ስንጥቅ፣ የሻሲው ሆድና የባሌስትራው ንጣፍ ሁሉ በጨው ይሞላል። ያ መኪና ጨው ማጓጓዙን ትቶ ሲሸጥ ለገዢው የሚነግረው ሰው አይኖርም።

ከአውሮፓ አገልግለው የገቡ መኪኖችም አሉ። በሰሜኑ አውሮፓ ክረምት መንገዱ በበረዶ እንዳይንሸራተት ጨው ይበተንበታል፤ ያ ጨው ከጎማ እየተረጨ ለዓመታት የመኪናውን ሆድ ሲያጥብ ይኖራል። ላዩ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ውስጡ ንጹሕ የሆነ ያሪስ ወይም ኮሮላ ከሥሩ ግን ተበልቶ ሊገኝ ይችላል።

ለእርሻ ከተሞቹ የቅርቡ ምክንያት ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያና ኤንፒኤስ ከተቀደደ ጆንያ እየተንጠባጠቡ ከፒክአፑ አልጋ ሥር ይሰበሰባሉ። እርጥብ ሲነካቸው እንደ ጨው ሁሉ ብረት ይበላሉ። በላዩ ላይ እርጥብ ቲማቲምና ከመስኖ ማሳ የወጣ ጭቃ ይጨመርበታል። ጭቃው በሻሲው ጥግ ደርቆ ሲቆይ ከውጭ ደረቅ ይመስላል፤ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ወገኑ ግን እርጥበቱን ይዞ ይሰነብታል። ላቫጆ የሚታጠበው ላዩ ነው። ከሥሩ በደንብ ካልታጠበ፣ የሚወርደው ውኃ የደረቀውን ጨው መልሶ ያረጥበዋል እንጂ አያወጣውም።

ዝገት አንዴ ከጀመረ ቦታ ይፈልጋል። ከበላው ብረት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ስፋት ስለሚይዝ፣ ተደርበው የተበየዱ ሁለት ላሜራዎች መሀል ሲገባ እያበጠ ይለያያቸዋል። በበር ሥር ያለው መርገጫ አብጦ ቀለሙ የተነሣ መኪና ሲታይ፣ ብረቱ የተበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ የሚታየው ነጥብ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ምልክት አይደለም።

መኪናው በምን ላይ ቆሟል?

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ውሳኔውም እንደዚያው ይለያያል።

ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ የመሳሰሉት ራሱን የቻለ ሻሲ አላቸው። ሁለት ረጃጅም የብረት ክንዶች ከፊት እስከ ኋላ ይዘልቃሉ፤ በየመሀሉ አግዳሚ ብረቶች ያያይዟቸዋል። ሞተሩ፣ ጋቢናውና የጭነት አልጋው በብሎን የሚታሰሩት በእነዚህ ላይ ነው። የጋቢናው ወለል ቢበሳ መኪናው አይፈርስም፤ ሻሲው ከተበላ ግን ጋቢናው ምንም ያህል ቢያምር መኪና የለም።

ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና የድሮው ላዳ የተለዩ ናቸው። የተለየ ሻሲ የላቸውም፤ ወለሉ፣ መርገጫው፣ ምሰሶውና ጣሪያው በአንድ ተበይደው ሸክሙን ይካፈላሉ። በእነዚህ ላይ መርገጫው ጌጥ አይደለም፤ መኪናው መሀሉ ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ዋና ብረት ነው። ይህን ለማየት ቀላል መንገድ አለ። መኪናው ከጎኑ በክሪክ ሲነሣ በሩን ከፍቶ መዝጋት ነው። መሬት ላይ ሳለ በደንብ ይዘጋ የነበረ በር ተነሥቶ ከተጋጨ ወይም ክፍተቱ ከተዛባ፣ አካሉ መታጠፍ ጀምሯል።

ቮልስዋገን ቢትል፣ በአገራችን አጠራር ቮልስ፣ በመሀል ትገኛለች። አካሏ ከወለሏ ጋር በብሎን የታሰረ ነው፤ ወለሉ ደግሞ በመሀሉ ቱቦ መሰል ጀርባ አለው። ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫው ሥር ወለሉ ላይ ስለሆነ፣ የሚንጠባጠበው አሲድ ያንን ጥግ ቀድሞ ይበላዋል። የቮልስ ባለቤቶች ግማሹን ወለል ቆርጠው በሌላ መተካት የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ የት እንደሚጀምር አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ጥገናውም ሥርዓት ያዘ።

ሦስት ዓይነት ጉዳት

የመጀመሪያው የላይ ዝገት ነው። ብረቱ ቀልቷል፤ ሻክሯል፤ መዶሻ ሲነካው ግን ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ አይጎደጉድም። ይህ ብየዳ አይፈልግም። በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር እስከ ብረቱ ይፈገፈጋል፤ ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት ማጽጃ የተረፈው ዝገት ይቀየራል፤ ከዚያ አንቲረስትና ቀለም ይቀባል። ውድ የሚሆነው ይህ ደረጃ ላይ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው በአንድ ቦታ የተወሰነ ቀዳዳ ነው፤ ለምሳሌ የእግር ማሳረፊያው ወለል ላይ። ዙሪያው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ ይተካል።

ሦስተኛው የሸክም ቦታ ላይ የደረሰው ነው። ባሌስትራ፣ ብራቾ፣ አሞርዛተር፣ መሪ፣ የፍሬን መስመር ወይም የመቀመጫ ቀበቶ የሚታሰርበት አካባቢ ማለት ነው። የእንግሊዝ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ለዚህ ግልጽ መለኪያ አለው። ከእንደነዚህ ያሉ ማሰሪያዎች በ30 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ብረቱን ያዳከመ ዝገት ከተገኘ መኪናው ይወድቃል። ጥገናውም ዙሪያውን ያለማቋረጥ የተበየደ መሆን አለበት፤ ነጠብጣብ ብየዳ፣ ስቱኮ ወይም ፋይበር አይቆጠርም። ይህን የ30 ሴንቲ ሜትር ክልል ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በዓለም ጤናም ሆነ በሻሸመኔ ማንኛውም ባትላሜራ በሜትር ሊያሰምረው ይችላል።

አምራቾችም ቢሆኑ ከዚህ ውሳኔ አላመለጡም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1995 እስከ 2000 በተመረቱ የሰሜን አሜሪካ ታኮማ ፒክአፖች ሻሲ ላይ ከልክ ያለፈ ዝገት ሲገኝ፣ የዝገቱን ዋስትና ወደ 15 ዓመት አራዘመ፤ ክፉኛ የተበሉትን ደግሞ ከገበያ ዋጋቸው በአንድ ተኩል እጥፍ መልሶ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከ2000 እስከ 2003 የተመረቱ ወደ 110 ሺህ የሚጠጉ ቱንድራዎች ተጠሩ፤ የኋላው አግዳሚ ሲበሰብስ መለዋወጫ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ፣ የኋላው የፍሬን መስመርም ሊጎዳ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል ስምምነት 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለመመርመርና ሻሲያቸው የተበሳውን ለመለወጥ ተስማማ። በዓለም ካሉት ትልልቅ አምራቾች አንዱ፣ ብየዳ ርካሽ ሆኖ ሳለ ሙሉ ሻሲ መለወጥን የመረጠበት ምክንያት አለ። ከውስጥ የተበላን ሻሲ አንድ ቦታ መበየድ ከጎኑ ያለውን ስስ ብረት አያድነውም።

ብየዳው በወጉ ሲሠራ

በየመንገዱ በብዛት የሚታየው ጥገና ቀዳዳው ላይ ላሜራ ደርቦ፣ አራት አምስት ቦታ ነክሶ፣ በስቱኮ አስተካክሎ፣ ሬንጅ ወይም ጥቁር ቀለም መቀባት ነው። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ለቦሎ ምርመራ ሰሞን ያሳምራል። ችግሩ የተደረበው ላሜራ የበሰበሰውን ብረት ይዞ መቅረቱ ነው። በሁለቱ መሀል ውኃ ይገባል፤ አይወጣም። ሬንጁ ደግሞ ከላይ ስለሸፈነው የሚያየው የለም። እንዲህ የተጠገነ መኪና ሳይነካ ከተተወው ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል፤ ሾፌሩም ተሠርቷል ብሎ ስለሚያምን ጭነት ይጨምርበታል።

በወጉ የሚሠራ ሰው የሚጀምረው ከማራገፍ ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ አለዚያ የብየዳው ኃይል የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። የነዳጅ ታንከሩ ይወርዳል። የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሥራው ቦታ ይርቃል፤ እሳት ማጥፊያ አጠገቡ ይቀመጣል። መርገጫ ወይም ወለል ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍት ቦታ በብረት ተወጥሮ ይያዛል፤ ካልተያዘ አካሉ ይወርድና በሩ ከዚያ በኋላ አይገጥምም።

ከዚያ ይቆረጣል። መቁረጡ የሚቆመው ቀዳዳው ባለቀበት አይደለም፤ ብረቱ ሙሉ ውፍረቱን ባገኘበት ነው። የቤት መኪና ላሜራ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ሲነካ ይቃጠላል፤ ለእሱ ሚግ ወይም በልኩ የተያዘ የካርባይድ ጋዝ ያስፈልጋል። የፒክአፕ ሻሲ ግን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ኤሌክትሮድ ይችላል። ሻሲ ላይ የሚደረብ ማጠናከሪያ ጫፉ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ በአግድም ከተበየደ፣ ጭነት ሲበዛ ሻሲው ልክ በብየዳው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጫፉ ሰያፍ ይደረጋል። በከባድ መኪናዎች ላይ ደግሞ የሻሲውን የላይና የታች ክንፍ መብሳትም ሆነ መበየድ አምራቾቹ በብዛት ይከለክላሉ፤ በሙቀት የጠነከረው ብረት ጉልበቱን ስለሚያጣ።

ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሠራተኛውን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ይጥለዋል። ዚንኩ ከብየዳው መስመር ላይ ተፍቆ መነሣት፣ ሥራውም አየር በሚነፍስበት ቦታ መሠራት አለበት።

ብየዳው ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። እሳት የነካው ብረት ቀለሙን ስላጣ ከሌላው ቀድሞ ይዝጋል። ከውጭ አንቲረስት ይቀባል፤ ወደ ሻሲው ሆድ ደግሞ ሰም ወይም ግሪስ መሰል መከላከያ በቱቦ ይረጫል። ፋብሪካው ለውኃ መውጫ የተዋቸው ቀዳዳዎች ተከፍተው መቅረት አለባቸው። ብዙ ቦታ የተለመደው የተቃጠለ ሞተር ዘይት መርጨት ግን አይመከርም። በውስጡ አሲድ አለው፤ የጎሚኒዎቹን ላስቲክ ያላላል፤ የሚንጠባጠበውም በመቂና በዝዋይ ዙሪያ የምንበላው አትክልት የሚበቅልበትን አፈር ይበክላል።

ሲሠራና ሲጣል

ሻሲው ራሱን የቻለ መኪና ላይ ጉዳቱ በአንድ ወገን፣ በአንድ ቦታ ከሆነና ዙሪያው ከጸና መበየድ ያዋጣል። ሁለቱም ክንዶች ከተበሉ፣ ወይም ሦስት አራት ቦታ ላይ ካቻቢቴ ከበሳ፣ ሻሲ መለወጥ ይሻላል። ከተጋጨ ወይም ከተገለበጠ መኪና የወጣ ቀጥ ያለ ሻሲ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራን በመሳሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ከብረቱ ሌላ የወረቀት ጉዳይ አለ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻሲ ቁጥር የታተመው ራሱ ሻሲው ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በፊት ጎማው አካባቢ ነው። ለውጡ ከመሠራቱ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ካላወቀው፣ ባለመኪናው ከሊብሬው ጋር የማይገናኝ ቁጥር ይዞ ይቀራል። ቁጥሩን ቆርጦ ወደ አዲሱ መበየድ ደግሞ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው።

የተለየ ሻሲ በሌለው የቤት መኪና ላይ ወሰኑ ጠባብ ነው። አንድ መርገጫና የወለል ቁራጭ ይሠራል። ሁለቱም መርገጫዎች፣ ወለሉና የኋላው አሞርዛተር መቀመጫ አብረው ከሄዱ፣ ሞተሩና ማርሹ ወጥተው ለሌላ መኪና ቢጠቅሙ ይበልጣል።

ይህ ፍርድ ዛሬ ከበፊቱ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግሎ የሚገባ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱን ከፍ አድርጎበታል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። መንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ሥራቸውም ይበዛል። መጠገን አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ በሆነበት አገር የጥገናው ጥራት የቤተሰብ ደኅንነት ጉዳይ ነው። ባሌስትራው ሥር የተበላ ሻሲ የሚሰበረው ቆሞ ሳለ አይደለም፤ ቲማቲም ጭኖ፣ ሰው አሳፍሮ ጉድባ ሲገባ ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለውም ሊገዛ የሚያስብም ሰው ሦስት ነገር ቢያደርግ ይበጀዋል። ቦሎ ከመታደሱ በፊት መኪናውን በጉድጓድ ወይም በክሪክ አስነሥቶ ማሰሪያዎቹን በመዶሻ ያስመታ። ከሥሩ አዲስ ሬንጅ የተቀባ መኪና ሲቀርብለት የሚያስመታው ሰው ሳይዝ ቀብድ አይስጥ። ጋራዥ ሲያስገባም የተቆረጠው ብረት እንዲቀመጥለት፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ብየዳውን በዓይኑ እንዲያይ አስቀድሞ ይዋዋል። ባትላሜራዎችም ደንበኛው ሳይጠይቅ እርቃኑን ብረት የማሳየት ልማድ ቢይዙ፣ ሬንጅ ለብሶ የሚሄደው ብዙ አደጋ ከመንገዱ ይወጣል።